እናት ስትታመም የቤቱን ትምህርት ማን ይሸከመው?

ወለተ ኪሮስ ዘቁስቋም | የካቲት 11፣ 2017

ሰላም ለዚህ ቤት። እዚህ መድረክ ከገባሁ ዓመት አልፎኛል፤ እስከ ዛሬ ግን አንባቢ እንጂ ጸሐፊ አልነበርኩም። ዛሬ ልጆቼ ከተኙ በኋላ በሦስት ትራስ ተደግፌ እየጻፍኩ ነው። ጋደም ስል ትንፋሽ ያጥረኛል።

የምኖረው ጎንደር፣ ወደ ቁስቋም በሚያወጣው ዳገት ላይ ነው። ሦስት ልጆች አሉኝ፤ ትልቋ 12፣ መካከለኛው 9፣ ትንሹ 6 ዓመታቸው ነው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ትምህርት ቤቱ ሲከፈት ሲዘጋ፣ መንገዱም ሲያሰጋኝ፣ ቤት ውስጥ ማስተማር ጀመርኩ። ከማግባቴ በፊት የአንደኛ ደረጃ የሒሳብ መምህርት ስለነበርኩ አልከበደኝም። የጓዳውን በር ጥቁር ቀለም ቀብቼ ሰሌዳ አደረግኩት። ጠዋት የዕለቱን ውዳሴ ማርያም እናደርሳለን፤ ከዚያ ትንሹ ፊደል ይቆጥራል፣ መካከለኛው ንባብና ሒሳብ ይዞ ይቀመጣል፣ ትልቋ የስድስተኛ ክፍል መጻሕፍቷን ትከፍታለች። የመጀመሪያውን ዓመት የመሰለ ደስታ በቤቴ አይቼ አላውቅም።

ከዚያ ታመምኩ። ታመምኩ ልበል እንጂ ለካ ከልጅነቴ ጀምሮ ታምሜ ኖሬአለሁ። ሐኪሙ «ሩማቲክ የሚባለው የልብ ሕመም ነው፤ ከጉሮሮ ሕመም የሚነሣ ነው፤ የልብሽ በር ጠቧል» አለኝ። በየአራት ሳምንቱ የፔኒሲሊን መርፌ እወጋለሁ። ጠዋት ውሃ የሚያሸና እንክብል፣ ማታ ደም የሚያቀጥን እንክብል አለኝ። የጠዋቱ እንክብል ሥራውን ሲጀምር የማባዛት ትምህርቴ ይቋረጣል። መጸዳጃው ግቢው ጥግ ነው፤ ደርሼ ስመለስ ለመናገር ትንፋሽ አይተርፈኝም። ልጆቹ ደብተራቸውን ከፍተው ዓይን ዓይኔን ያዩኛል።

እግዚአብሔር ይመስገን፣ ትልቋ ልጄ ደርሳልኛለች። ሊጥ ታቦካለች፣ ትጋግራለች፣ ውሃ በመጣ ቀን ጀሪካን ትሞላለች፣ ታናናሾቿን ታስጠናለች። እሷ ባትኖር ይህ ቤት አይቆምም ነበር።

የፊታችን ሰኞ ዐቢይ ጾም ይገባል። መድኃኒት እየወሰዳችሁ የምትጾሙ እንዴት ታደርጋላችሁ? ታማችሁ የምታስተምሩ እናቶችስ ሰዓታችሁን እንዴት ከፋፈላችሁት? መልካም ምክር እጠብቃለሁ።

እማማ ዘአዘዞ | የካቲት 11

እታለም፣ እመቤቴ ማርያም ትማርሽ። እኔ ስምንት ወልጄ ስድስት አሳድጌአለሁ። ያቺ ትልቋ ልጅሽ የተባረከች ናት፤ ሴት ልጅ ለእናቷ ምርኩዝ ናት፣ አመስግኚያት። ለልጆቹም ነገሩን አታብዢባቸው፤ እኛ ጧት አንድ ሰዓት ፊደል ቆጥረን ቀኑን ሙሉ ከብት ስንጠብቅ ውለን ነው ዳዊት የደገምነው። ጾሙን ለንስሐ አባትሽ ንገሪ፤ በራስሽ አትፍረጂ።

ነርስ ከማራኪ | የካቲት 12

እህቴ፣ በመጀመሪያ ሦስት ትራስ ያልሽውን አልፌ መሄድ አልቻልኩም። ድሮ በአንድ ወይም በሁለት ትራስ ትተኚ ከነበረና አሁን ወደ ሦስት ከጨመርሽ፣ ሳንባሽ ውስጥ ውሃ እየተጠራቀመ ሊሆን ይችላል። ቀጠሮሽን አትጠብቂ፤ በዚህ ሳምንት ሐኪምሽ ይይሽ። እግርሽንም ተመልከቺ፤ በጣትሽ ስትጫኚው ጎድጉዶ የሚቀር ከሆነ ይህንንም ንገሪው።

መርፌውን አንድም ወር አትዝለይ። መርፌው የጠበበውን በር አይከፍትም፤ ሥራው በሽታው ተመልሶ በሩን ይበልጥ እንዳይጎዳው መከላከል ነው። «ተሽሎኛል» ብለው ያቆሙትን ሰዎች ነው ቆይተን በባሰ ሁኔታ የምናገኛቸው።

ደም የሚያቀጥነው ዋርፋሪን ይመስለኛል። ጾሙ የሚነካሽ እዚህ ላይ ነው። ጎመን ውስጥ ቫይታሚን ኬ አለ፤ እሱ የዋርፋሪንን ጉልበት ይቀንሳል። ይህን የሰማ ሁሉ «ጎመን እርም በይ» ይልሻል። እርም አትበይ፤ ልኩን ጠብቂ። ሁለት ወር ሙሉ በየቀኑ ጎመን በልተሽ ለፋሲካ በአንድ ጊዜ ብታቆሚ የደምሽ ልክ ይዛባል። በሳምንት ሁለት ቀን ከበላሽ ሁልጊዜም ሁለት ቀን ይሁን። ጾሙ ሲገባና ሲፈታ የደምሽን መቅጠን አስለኪ። ለወገብና ለራስ ምታት ከመድኃኒት ቤት ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ገዝተሽ እንዳትውጪ፤ ከዋርፋሪን ጋር ደም ያስፈስሳሉ። ሌላም ልጨምር፦ ይህን መድኃኒት የምትወስድ ሴት ከሐኪሟ ጋር ሳትማከር ማርገዝ የለባትም፤ ለፅንሱ አደገኛ ነው።

ጨውንም ቀንሺ። ወጡ ላይ ባትነሰንሺ እንኳ በርበሬው ሲዘጋጅ የገባው ጨው አለ። ለአንቺ ያለ ጨው የተዘጋጀ በርበሬና ሽሮ ለብቻው ይቀመጥ።

ለሌሎቻችሁም፦ ይህ በሽታ የሚጀምረው በአብዛኛው ከ5 እስከ 15 ዓመት ባሉ ልጆች ላይ፣ በአግባቡ ካልታከመ የጉሮሮ ቁስለት ነው። ልጃችሁ ትኩሳትና መዋጥ የሚከለክል የጉሮሮ ሕመም ሲይዘው እንጥል ለማስቆረጥ አትውሰዱት። እንጥል መቁረጥ ደም ያፈስሰዋል፣ ሌላ ቁስል ይጨምርበታል እንጂ ጀርሙን አያጠፋውም። ጤና ጣቢያ ውሰዱት፤ የታዘዘለትንም መድኃኒት ትኩሳቱ በማግሥቱ ቢለቀው እንኳ ይጨርስ።

ወለተ ኪሮስ ዘቁስቋም | የካቲት 12

እህቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የእኔን እንጥል ደንቢያ እያለን ቆርጠውልኛል። አያቴ ይዛኝ፣ አንድ ሽማግሌ በፈረስ ፀጉር። አያቴን አልወቅስም፤ ያኔ ሁሉም የሚያውቀው ያንን ነበር። ትራሱ ከገና ወዲህ ነው ሦስት የሆነው። እሄዳለሁ።

ስመ ሥላሴ | የካቲት 12

ይህ ሁሉ የእምነት ጉድለት ነው። መድኃኒቱን ጣይና ሁለት ሱባኤ ጠበል ግቢ። ስንቱ ድኗል።

ዲያቆን ዘበዓታ | የካቲት 13

ወንድሜ ስመ ሥላሴ፣ ጠበሉን እኔም አምናለሁ፤ ተጠምቄም ድኛለሁ። «መድኃኒቱን ጣይ» የሚለውን ግን ቤተ ክርስቲያን አላዘዘችህም። የኤች አይ ቪ መድኃኒት የሚወስዱ ሕሙማን ጠበል ቦታ ሲመጡ መድኃኒቱን ያቋርጡ በነበረበት ዘመን፣ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ሁለቱም ከእግዚአብሔር የተሰጡ ናቸውና አብረው ይወሰዱ ብለው በይፋ መክረዋል። አንተ ከፓትርያርክ በላይ ጥብቅ ለመሆን ካልፈለግህ በቀር ነገሩ አልቋል።

እህቴ ወለተ ኪሮስ፣ ስለ ጾሙ። ሕመምተኛ በንስሐ አባቱ ፈቃድ ይጾማል ወይም ይተዋል። ብዙ አባቶች ለሕሙማን ሲፈቅዱ ያየሁት ሰዓቱን እንጂ መብሉን አይደለም። ሥጋና ወተቱን ትተዪያለሽ፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት መቆየቱን ግን አይጭኑብሽም፤ ጠዋት ቀምሰሽ መድኃኒትሽን ትወስጃለሽ። ሐኪሙ የግድ ወተት ወይም እንቁላል ካዘዘ ደግሞ እሱንም ይፈቅዱልሻል። ስትሄጂ «አሞኛል» ብቻ አትበያቸው። እንክብሎቹን በእጅሽ ይዘሽ ሂጂ፤ የትኛው ለምን እንደሆነ አንድ በአንድ አስረጂያቸው። አባቶች የሚፈርዱት በነገርናቸው ልክ ነው።

ስለ ትንሹ ልጅሽ፣ አንቺ ዘንድ ፊደል ቆጥሮ ከሆነ አቡጊዳውን የኔታ ዘንድ ይቀጥል። ጎንደር ተቀምጠሽ፣ አርባ አራቱ ታቦት ባለበት ከተማ፣ ንባብ ለማስቀጸል አንቺ ትንፋሽ መጨረስ የለብሽም። በእግሩ የሚደርስበት አጥቢያ ይኖራል።

የሁለት መንትዮች እናት | የካቲት 13

እኔ የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን አባል ስለሆንኩ በጾሙ ጉዳይ አልገባም። በሌላው ግን ጎረቤቶች ነን፤ እኔም እዚሁ ጎንደር ነኝ። ስኳር ታማሚ ነኝ፤ ኢንሱሊን በቀን ሁለት ጊዜ እወጋለሁ። መብራት ሲጠፋ ኢንሱሊኑን የማስቀምጠው እርጥብ አሸዋ ባለበት የሸክላ ድስት ውስጥ ነው። መንትዮቼ አሸዋውን ማርጠብ የሳይንስ ትምህርታቸው ሆኗል፤ ውሃው ሲተን ለምን እንደሚያቀዘቅዝ ከማንም በላይ ያስረዱሻል።

የሰዓቱ ጉዳይ። ለሁለት ዓመት አንድ የትምህርት ሰሌዳ ይዤ ራሴን ስቀጣ ኖርኩ። ስኳሬ ሲወርድ ሰሌዳው ይፈርሳል፤ ሰሌዳው ሲፈርስ አለቅሳለሁ፤ ስጸልይም ጸሎቴ ሁሉ ይቅርታ ልመና ብቻ ሆነ። አሁን ሁለት ሰሌዳ አለኝ፤ አንዱ የደህና ቀን፣ ሌላው የአልጋ ቀን። በአልጋ ቀን እኔ ተኝቼ እነሱ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ያነባሉ፤ ሲሳሳቱ ዓይኔን ሳልገልጥ አርማለሁ። ያን ዕለት ሌላ ትምህርት የለም። ጠዋት ስነሣ የትኛው ቀን እንደሆነ እነግራቸዋለሁ፤ እነሱም ያውቁታል።

ሌላው፣ ንግድ አድርጊው። እኔ የጎረቤቴን ልጅ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ፤ እሷ በሳምንት ሁለት ቀን ታጥብልኛለች። አንቺ የሒሳብ መምህርት ሆነሽ በሰፈርሽ እንጀራ የሚጋግርልሽ አጣሁ ማለት አትችዪም።

የበኩር ልጅ | የካቲት 14

እህቴ፣ ሦስት ጊዜ ጽፌ አጥፍቼዋለሁ፤ ይህ አራተኛዬ ነው።

ከ12 ዓመቴ እስከ 16 ዓመቴ ልክ እንደ አንቺ ልጅ ነበርኩ። ቆላ ድባ። እናቴ ኩላሊቷን ታማ፣ ከእኔ በታች አራት ነበሩ። ሁሉም «ተባረኪ» ይለኝ ነበር። ቤተ ክርስቲያን ስሄድ፣ ወፍጮ ቤት ስሄድ፣ ውሃ ስቀዳ ምርቃት ነበር። ምርቃቱ ከመብዛቱ የተነሣ «ደክሞኛል» ማለት አሳፈረኝ። የተመረቀ ሰው ይደክመዋል እንዴ?

የሰባተኛ ክፍል የሒሳብ ደብተሬ እስከ ዛሬ አለ። አሥራ አንድ ገጽ ተጽፎበታል። ሊጥ የነካ ጣቴ ሁለቱን ገጾች አጣብቋቸው ቀርተዋል፤ ለመገንጠል አልሞከርኩም። አሁን 34 ዓመቴ ነው፤ ሌሊት ሲኒ ከተንኳኳ አልጋ ላይ ብድግ እላለሁ። እናቴን አልተቀየምኳትም፤ ምንም አማራጭ አልነበራትም፤ አባቴም ሞቷል። በየዓመቱ ተዝካሯን እኔው ነኝ የማወጣ።

አንቺ ግን ስለ ትንሹ ፊደል ነገርሽን፣ ስለ መካከለኛው ንባብ ነገርሽን። ስለ ትልቋ የነገርሽን ሊጥና ጀሪካን ነው። ልጅሽ ባለፈው ሳምንት ከመጽሐፏ ስንት ገጽ ሠራች? ታናናሾቿን ያስጠናችበትን አትቁጠሪ።

ወለተ ኪሮስ ዘቁስቋም | የካቲት 14

እህቴ፣ ልጄን የማላያት እናት አስመሰልሽኝ። የእኔ ቤት የእናንተ ቤት አይደለም። እሷ ደስ ብሏት ነው የምትሠራው፤ ጠይቄአታለሁ።

እማማ ዘአዘዞ | የካቲት 14

የበኩር ልጅ፣ ልጄ፣ ጽሑፍሽን የልጅ ልጄ ሁለት ጊዜ አነበበችልኝ። እኔም ትልቋን ልጄን «ተባረኪ» ስል ነው ያሳደግኳት። ዛሬ እደውልላታለሁ።

ጋሽ መምህሩ | የካቲት 15

ከ30 ዓመት በላይ አስተምሬ በጡረታ ላይ ያለሁ ነኝ። ሁለት ነገር ልጠይቅ፣ መልሱን ለራስሽ ያዢው። አንደኛ፣ የልጅቷ አባት የት ነው? አራት ገጽ ውይይት አነበብኩ፤ ማንም አላነሣውም። ጀሪካን በወንድ ትከሻ ላይ አይቀመጥም ያለ መጽሐፍ አላነበብኩም። ሁለተኛ፣ ስድስተኛ ክፍል ላይ ክልላዊ ፈተና አለ። ልጅቷ ቤት ብትማርም ስሟ በአንድ ትምህርት ቤት መዝገብ ላይ መኖሩን ዛሬ ነገ ሳትዪ አረጋግጪ። ትምህርት ቤቱንም የክፍለ ከተማውን ትምህርት ጽሕፈት ቤትም በአካል ጠይቂ፤ በስልክ የተነገረሽን አትመኚ።

ወለተ ኪሮስ ዘቁስቋም | የካቲት 16

ቆጠርኩ። ከጥምቀት ወዲህ የሒሳብ መጽሐፏ አንድ ገጽ አልተገለጠም። ክፍልፋይ ላይ ቆማለች። እኔ የሒሳብ መምህርቷ።

የበኩር ልጅ፣ ስለተናገርኩት ይቅርታ አድርጊልኝ።

የበኩር ልጅ | የካቲት 16

ይቅር ለእግዚአብሔር።

ወለተ ኪሮስ ዘቁስቋም | መጋቢት 8

የጠፋሁት ከብዶኝ ነው እንጂ ረስቼአችሁ አይደለም። ትናንት መጻጉዕ ነበር። በበረንዳው ተቀምጬ ወንጌሉ ሲነበብ ሰማሁ። 38 ዓመት የተኛው ሰው «ሰው የለኝም» ይላል። ይህን ቃል ስንት ዓመት ሰምቼዋለሁ፤ ትናንት ግን አፈርኩ። እኔ ሰው ነበረኝ። አልጠራኋቸውም እንጂ።

በቅደም ተከተል ልንገራችሁ።

ባለቤቴ ቅዳሜ ገበያ ልብስ ሰፊ ነው፤ ማታ ማታ ቤቱ ይገባል። ውሃ እንዲቀዳ ጠይቄው አላውቅም ነበር፤ ሰው ምን ይላል ብዬ። ስጠይቀው ዝም ብሎ ቆየና «አንቺ ካላፈርሽብኝ እኔ ምን አገባኝ» አለኝ። ለካ ሁለታችንም አንዳችን ለሌላው ስናፍር ኖረናል። የመጀመሪያው ሳምንት ጀሪካኑን ገና ሳይነጋ ይዞ ይወጣ ነበር። አሁን በጠራራ ፀሐይ በጋሪ እየገፋ ይመጣል፤ የሰፈሩ ሴቶች እኔን ትተው እሱን መመረቅ ጀምረዋል። እሱ ግን አይደክመውም መሰለኝ፣ ደስ ብሎታል።

እንጀራውን አንዲት ጎረቤቴ ትጋግርልኛለች፤ ጤፉ ከእኔ። እኔ ሁለት ልጆቿን ከሰዓት በኋላ ከእኔ ልጆች ጋር ተቀምጬ ሒሳብ አስተምራቸዋለሁ። የጠዋቱ እንክብል ሥራውን እስኪጨርስ ድረስ ምንም አላስተምርም። ትንሹ ጠዋት የኔታ ዘንድ ይውላል፤ አሁን አቡጊዳ ላይ ነው፤ እየዘመረ ነው የሚመለሰው። የንስሐ አባቴ ዲያቆን ወንድሜ እንዳለው ሰዓቱን አንሥተውልኛል፤ እንክብሎቹን አንድ በአንድ አሳይቻቸው መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ።

የትልቋ ነገር ከሁሉም ከበደ። ጋሽ መምህሩ፣ ስሟ መዝገብ ላይ አለ፤ ትምህርት ቤቱም አሁን ተከፍቷልና እንድትመለስ ተስማማን። የምትደሰት መስሎኝ ነበር። አለቀሰች። «እኔ ከሄድኩ ሌሊት የተነሣሽውን ማን ይቆጥራል?» አለችኝ። ምን ማለቷ እንደሆነ አልገባኝም። ከፍራሿ ሥር ደብተር አወጣች። የሒሳብ ደብተሯ ነው፤ ከኋላ በኩል በማስመሪያ መስመር አስምራ ዓምድ ሠርታለች፤ ቀን፣ ትራስ፣ ሳል፣ ስንት ጊዜ ተነሣች። ከገና ማግሥት ይጀምራል። በትራሱ ዓምድ 2፣ 2፣ 2 እያለ መጥቶ በአንድ ሌሊት 3 ይሆናል። ያን ሌሊት አስምራበታለች።

ደብተሩን ይዤ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ሐኪሙ እኔን ጥቂት ጠይቆ ደብተሩን ረጅም ጊዜ አነበበ። «ይህን ማን ነው የመዘገበው?» አለ። የጠዋቱን መድኃኒት መጠን ጨመረልኝ፤ የልቤን በር በሚነፋ ፊኛ ማስፋት ይቻል እንደሆነ ለማየትም የልብ አልትራሳውንድ አዘዘልኝ። አሁን የምተኛው በሁለት ትራስ ነው።

ልጄን ሌሊት መቁጠሩን አባቷ እንደሚወስደው ነግረናታል። አላመነችውም። ለሦስት ቀን እየተነሣች እሱ መመዝገቡን ስትቆጣጠር ነበር፤ አንድ ስህተትም አግኝታበታለች። ትምህርት ቤት ከተመለሰች ዛሬ 12 ቀኗ ነው። በክፍልፋይ ወደ ኋላ ቀርታለች፤ ማታ አንድ ሰዓት እሷና እኔ ብቻ እንሠራለን። ታናናሾቿ በዚያ ሰዓት እንዳይገቡ በሩን ራሷ ትዘጋለች።

የሁለት መንትዮች እናት | መጋቢት 8

የባልሽን ጋሪ ለባሌ አሳይቼዋለሁ። ማለቴ ጽሑፉን። ዝም አለ፤ ጥሩ ምልክት ነው።

ነርስ ከማራኪ | መጋቢት 9

የትራሱን ዜና ስሰማ እልል አልኩ። ጎመኑን በልክ ይዘሽዋል? መርፌውስ መቼ ነው?

ወለተ ኪሮስ ዘቁስቋም | መጋቢት 9

ጎመን ረቡዕና ቅዳሜ ብቻ። ደሜን ባለፈው ሳምንት ተለክቼ ደህና ነው ተብያለሁ። መርፌው የፊታችን ሐሙስ ነው። ድሮ ልጄ ነበረች የምትሸኘኝ፤ ሐሙስ ግን ፈተና አለባት። አባቷ ሱቁን ዘግቶ ይወስደኛል።